ከልብ ከነፉ ቀዳዳ አይገድም

የቦቮሌታ መንደር ፀጉር አስተካካይ ኦሬስቴ አንድ ወሬ አለው። ምላጩን ጉሮሮ ላይ ሳያሳርፍ አይጀምረውም፤ በዚህም ምክንያት እስከ ዛሬ ድረስ «ውሸት ነው» ያለው ደንበኛ የለም።

ወሬው ይህ ነው። የጎረቤታችን የካዛልቴራ ማርሽ ባንድ በየዓመቱ በቅዱስ ሮኮ በዓል እኛን የሚያሸንፈን፣ ትልቁን ጡሩምባ የሚነፋው ሰውዬ ሙራኖ ደሴት ተሻግሮ የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ቱቦ ከሚነፉ ሠሪዎች እስትንፋስ ስለተማረ ነው። ወሬው ሲጀመር የተማረው የሰውዬው አጎት ነበር። በዐቢይ ጾም ራሱ ሰውዬው ሆነ። ለፋሲካ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አምፖል ነፍቶ፣ አምፖሉ እዚያው እጁ ላይ በርቶለታል ተባለ።

የባንዳችን ፕሬዚዳንት ክቡር ኡልደሪኮ ፋቫሬቶ ይህን ሁሉ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አገጫቸው አረፋ በአረፋ ሆኖ ሰሙት። እንዲያ ሆኖ የሰማ ሰው ደግሞ ያምናል።

ወሬው የመጣው በቁርጥ ሰዓት ነበር። የእኛን ትልቁን ጡሩምባ ሲነፉ የኖሩት ሽማግሌ የፊት ጥርሳቸው ረግፎ ወንበራቸው ባዶ ሆኗል። ለወንበሩ ሁለት እጩዎች ቀረቡ። አንደኛዋ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ኒቬስ ስትሆን፣ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረባት፤ መንፋት ትችላለች። ሁለተኛው ትራክተር ሻጩ ዱሊዮ፣ የፕሬዚዳንቱ አማች፣ ከመጥፎ ልማድ ሁሉ የጸዳ ነበር። ከጉራ በቀር ምንም ነፍቶ አያውቅም።

ኡልደሪኮ ለዘመድ የሚያዳሉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም ለዱሊዮ ወንበሩን በቀጥታ መስጠት ስላሳፈራቸው፣ በዙሪያ ጥምጥም ሊሰጡት ቆረጡ።

«ጉዳዩ» አሉ ባንዱን ሰብስበው፣ «በጥናት ላይ በተመሠረተ፣ ግልጽነት በተሞላበትና ከወገንተኝነት በጸዳ አኳኋን፣ በእሳት ይፈታል!»

ይህም ማለት ሁላችንም ጀልባ ተሳፍረን ሙራኖ ሄድን፣ ማስትሮ ሳንቴ የሚባል ብርጭቆ ሠሪ ዘንድም ገባን ማለት ነው። ማስትሮ ሳንቴ መንገደኛውን ሁሉ በገዛ እጁ ብርጭቆ ያሠራል። የብረት ዘንጉን እቶኑ ውስጥ ነክሮ እንደ ማር የሚንጠባጠብ እሳት ጠቅልሎ አወጣ። ቀዝቃዛውን ጫፍ ለዱሊዮ አጎረሰው፤ ራሱ በትኩሱ ጫፍ በኩል ጉጠቱን ይዞ ተቀመጠ።

«ንፋ!»

ዱሊዮ ነፋ። ማስትሮው በጉጠቱ ቆንጠጥ፣ ሳብ ሲያደርግ ጆሮ ወጣ።

«እንዳታቆም! እግር እየመጣ ነው!»

ዱሊዮ ዓይኑ ፈጠጠ። እግር መጣ። ሌላ እግር ተከተለ።

«ለጅራቱ ትንሽ ጨምር!»

ጨመረ። የሚያምር፣ ባለ አራት እግር የብርጭቆ ፈረስ ቆመ።

«በአርባ ዓመት ሥራዬ» አለ ማስትሮው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ «እንዲህ ያለ እስትንፋስ አላየሁም።» ከእኛ በፊት ለገቡት ጠና ያሉ መነኩሲትም ይህንኑ ሲል ሰምተናል፤ መነኩሲቷ ግን እጩ አልነበሩም።

የኒቬስ ተራ ደረሰ። አንዴ ነፋችና ዘንጉን ከአፏ አውጥታ ጫፉን አገላብጣ አየች። ትንሿን ጣቷን ልትከት ሞከረች፤ አልገባም።

«ማስትሮ፣ ይሄ ብረት እኮ ድፍን ነው።»

«ቀዳዳው በጣም ቀጭን ነው የኔ ልጅ። የደሴቷ ምስጢር ነው።»

«ትንፋሼ ፊቴ ላይ እየተመለሰ ነው! ፈረሱስ ቢሆን ድፍን አይደል? ምኑ ነው የሚነፋው?»

«ሰበብ!» አሉ ኡልደሪኮ። «ዱሊዮ ቀዳዳ ጠየቀ? ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከልብ ከነፉም ቀዳዳ አይገድም!»

«እኔ የምነፋው ጡሩምባ ነው ሲኞር ፕሬዚዳንት፤ የበር መወርወሪያ አይደለም!» ብላ ዘንጉን ለቀቀችው። ማስትሮው ሦስተኛውን እግር ጨርሶ ለአራተኛው ሲዘጋጅ ነበር። ፈረሷ በሦስት እግሯ ቀዝቅዛ ቀረች።

«ይኸው!» አሉ ኡልደሪኮ፣ የጎደለችውን እግር ለሕዝብ እያሳዩ። «እሳት አያዳላም።» ወንበሩም የዱሊዮ ሆነ።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ኒቬስ እንደ ወትሮዋ ለባንዱ ዳቦ ይዛ መጣች። ትልቁን ጡሩምባ አቅፋ ለረጅም ጊዜ ተሰናበተችው። ፕሬዚዳንቱ እንኳ «መሸነፍ የምታውቅ ልጅ» ብለው መሰከሩላት።

በመንደራችን አደባባይ መጀመሪያ ካዛልቴራ ነፋ፤ መስኮት ነቀነቀ። ቀጥሎ የእኛ ባንድ ተነሳ። ዱሊዮ ጉንጩን ነፋ፣ ጆሮው ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ገመድ አከለ። ከጡሩምባው ግን ጠብ የሚል ድምፅ የለም። ኡልደሪኮ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ጥልቅ ነው» አሉ አጠገባቸው ላለው ሰው። «ይሄ በጆሮ የሚሰማ አይደለም።»

የዳኞቹ ሰብሳቢ ቄስ ብድግ አሉ። «ቦቮሌታዎች! ስንት ዓመት ሙሉ ክላርኔት እንዳላችሁ አናውቅም ነበር። ዘንድሮ ትልቁ ጡሩምባችሁ ጨዋ ሆኖ አስተዋወቀን። ዋንጫው የእናንተ ነው!»

እልልታው ቀለጠ። ኡልደሪኮ አርቆ አሳቢ ስለሆኑ የመታሰቢያ እብነ በረድ ከውድድሩ በፊት አስቀርጸው ነበር፤ ወዲያው አደባባዩ ዳር ካለው ግድግዳ ላይ ተመረገ። «ለዱሊዮ እስትንፋስ፤ አመስጋኙ ሕዝብ» ይላል። ሥሩ ባለ አራት እግሩ ፈረስ ተቀመጠ።

«እስቲ ለእብነ በረዱ አንዴ ንፋለት!» አሉ ኡልደሪኮ።

ዱሊዮ ነፋ። ዝም። ምራቅ ይዞት እንደሆነ ብሎ ጡሩምባውን ደፍቶ ነቀነቀው። ጧ ብሎ የሰው ራስ የሚያህል ሊጥ ወደቀ። ፀሐዩና የዱሊዮ ትንፋሽ ተጋግዘው ኩፍ አድርገውታል።

«ኒቬስ! ምንድን ነው ይሄ?»

«የአማችዎ እስትንፋስ ነው ሲኞር ፕሬዚዳንት። እንዴት እንዳቦካው አያዩም?»

«ቀዳዳውን ደፍነሽዋል!»

«ኧረ በፍጹም። በጣም ቀጭን ስለሆነ ነው።»

ኡልደሪኮ ሊጡን አዩ። ዋንጫውን አዩ። እብነ በረዱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ምርጊቱ ደርቋል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«መልሺው» አሉ። «ለከርሞም እዚያው ይሁን።»

«ለከርሞ ሊጥ ከሌላ ቤት ይፈልጉ። ቅድም እብነ በረዱ ሲመረግ ካዛልቴራዎች ወሰዱኝ። ነፊያቸው ድምፅ በማያወጣ ጡሩምባ ተሸነፍኩ ብሎ ጡሩምባውን ጥሎ ሄዷል።»

«ማን? ሙራኖ የተማረው?»

«የምን ሙራኖ?» አለች ኒቬስ ሊጧን ከመሬት እያነሳች። «ሰውዬው ጀልባ ገና ሲያይ ያስመልሰዋል። ለዚህ በዓል እኛ ዘንድ ከመምጣት በቀር ከካዛልቴራ ወጥቶ አያውቅም።»