የሻምበል ቦርጭና የጫልቱ ወተት

ሆርሞን የሚባለውን ነገር ለነገሌ ወንዶች ማን ነግሯቸው ይሆን? ከሰሙት ወዲህ የሚስታቸውን ዳሌ በሽታ፣ የራሳቸውን ቦርጭ ግርማ ሞገስ ይሉታል።

ጎረቤቴ ጡረተኛው ሻምበል የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ሚስታቸውን ጫልቱን «ዳሌሽ የሰፋው ሆርሞንሽ ተዛብቶ ነው» አሏትና የጠዋት የግመል ወተቷን ከለከሏት። እንዳይበላሽ ብለው ደግሞ ራሳቸው ጠጡላት! እሷ ምን ታድርግ? ወተቷን ለማስመለስ ጤና ጣቢያ ጎትታ ወሰደቻቸው፤ እኔንም ለምስክርነት አስከተለችኝ።

ነርሷ የሁለቱንም ወገብ በሜትር ለካች።

«ጋሼ፣ እሷ ደህና ናት። የሴት ሆርሞን ስቡን ወደ ዳሌና ወደ ጭን ይልከዋል። የወንድ ስብ ግን ሆድ ላይ ነው የሚሰፍረው፤ የሚያሰጋውም እሱ ነው። ቦርጭዎ በገፋ ቁጥር የወንድ ሆርሞንዎ ይቀንሳል።»

ሻምበልን ላብ አጠመቃቸው። «የኔ ቀንሶ እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«እሱንማ እኔን ጠይቂኝ፣ ልጄ» አለች ጫልቱ።

ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ፣ ቀበቶዬ ከቦርጬ በታች መውረዱን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

አሁን ሻምበል ወተቱን በየማለዳው ከገበያ ያመጡላታል፤ ያውም ባጃጅ ሳይዙ፣ በእግራቸው።