አሥራ ስድስተኛው ሜትር ላይ የተገኘው በር

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ በስብሰባ እንደሚጀመሩ የታወቀ ነው። የከተማችን የመንገድ ልማት ቢሮም በመሀል ከተማ ያሉትን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች «አረንጓዴና ለእግረኛ ምቹ» ለማድረግ ሦስት ቀን ሙሉ ተሰብስቦ፣ በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እስከዚያ ድረስ ሰዉ ያለ ምንም ጥናት ዝም ብሎ ይሄድባቸው ነበር።

ሥራው ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ተጀመረ። ጭቃው ተነሥቶ ድንጋይ ተነጠፈ። ቀጥሎ በየአራት ሜትሩ አንድ ችግኝ የያዘ፣ ወገብ የሚደርስ፣ ስምንት ሰው የሚሸከመው የሲሚንቶ ገንዳ ይቀመጥ ጀመር። መሐንዲሱ መለኪያው ከእጁ ስለማይለይ ሠራተኞቹ «ባለ ሜትሩ» ይሉታል። ባለ ሜትሩ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት እያለ ለክቶ አሥራ ስድስት ላይ ሲደርስ አንድ በር አገኘ።

በሩ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር። ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ትሰፋለች፣ ከኋላ ባለው ይተኛሉ። ሌላ መውጫ የላቸውም። ገንዳው በሩ ላይ ሲለጠፍ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ብቅ አለች።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ በር ነው።»

ባለ ሜትሩ ወረቀቱን ዘርግቶ አየ። «ፕላኑ ላይ በር የለም» አላት በትሕትና።

«ቤቱ ላይ አለ።»

«ቤቱ አልጸደቀም። የጸደቀው ፕላኑ ነው።»

እናትየው ከውስጥ «ምን አለ?» አሉ።

«በር የላችሁም አለ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ሠላሳ ዓመት በየት ስንገባ ኖርን?»

ባለ ሜትሩ ጥያቄውን ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ ጥናት የሚያስፈልገው ጥያቄ ነበርና።

ማመልከቻ ገባ። ቢሮው በአሥራ አንደኛው ቀን መልስ ሰጠ፦ «ገንዳውን ማንሣት የችግኞቹን ርቀት ስለሚያዛባ፣ አመልካቿ በራቸውን አንድ ሜትር ተኩል ወደ ግራ እንዲያስጠጉ በአክብሮት እናሳስባለን።» በስተግራ ያለው የጎረቤት ሳሎን ነበር።

ስለዚህ መስኮቱ በር ሆነ። ልብስ ሰፊዋ አንድ በርጩማ ከውጭ፣ አንድ በርጩማ ከውስጥ አስቀመጠች። ደንበኞቿ መጀመሪያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዘለሉ፤ ኋላ ቀስ በቀስ ቀሩ። እናትየው ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መዝለል አልሆነላቸውም። የሐኪም ቀጠሯቸው አለፈ፤ አምስት ሳምንት ከቤት አልወጡም። ተቀምጠው መንገዱን በመስኮት ያዩና አላፊ አግዳሚውን «ይመቻል?» ብለው ይጠይቃሉ።

«በጣም ይመቻል፣ እማማ።»

«እሰይ። እኛም ሰምተን ደስ ብሎናል።»

ለችግኙ ውሃ የሚያጠጣ ሰው አልተመደበም። ሲደርቅ «እናንተ ናችሁ ያደረቃችሁት» እንዳይባሉ፣ ልብስ ሰፊዋ በራቸውን የዘጋውን ተክል በየጠዋቱ በመስኮት ተንጠልጥላ ታጠጣ ነበር። በቢሮው የወር ሪፖርት «የኅብረተሰቡ የላቀ ተሳትፎ» የተባለው ይህ ነው።

የምረቃው ቀን ደረሰ። የቢሮው ኃላፊ ስለ አረንጓዴ ልማት አርባ ደቂቃ ተናግረው፣ ሪባን መቁረጫውን መቀስ ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ሱሪያቸው ከኋላ ተተረተረ። ባለ ሜትሩ ጠጋ ብሎ «ክቡር ኃላፊ፣ ልብስ ሰፊ እዚሁ አለች» አላቸው በሹክሹክታ።

«በሯ የት ነው?»

«ፕላኑ ላይ የለም።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ የባሰበት ደግሞ በመስኮት ይገባል። ኃላፊው በርጩማው ላይ ወጡ፣ ግማሽ አካላቸውን አስገቡ፣ እዚያው ተቀረቀሩ። እንግዶቹም ፕሮጀክቱን ከኋላ በኩል የማየት ዕድል አገኙ።

ልብስ ሰፊዋ ጎትታ አስገባቻቸው። አንሶላ አገልድመው ተቀምጠው ሱሪያቸው እየተሰፋ ሳለ እናትየው ቀስ ብለው አጫወቷቸው።

«እርስዎስ ተሰፍቶልዎ ይወጣሉ። እኔ በየት ልውጣ?»

ኃላፊው የአሮጊቷን ያበጠ ጉልበት አዩት። ሱሪያቸውን ለብሰው ሲወጡም «አስቸኳይ እርምጃ ይወሰዳል» አሉ።

ተወሰደም። በማግሥቱ ባለ ሜትሩ ስምንት ሠራተኞችና አንድ ደብዳቤ ይዞ መጣ፦ «በመስኮት መግባትና መውጣት የቢሮውን ክብር የሚነካ ሆኖ ስለተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል። ድርጊቱን ለመከላከል ገንዳው ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ይቀመጥ።» ባለ ሜትሩ የርቀቱ መዛባት አንጀቱን ቢበላውም፣ ትእዛዝ ነውና ገንዳውን አዛወረ። ከዚያም በተከፈተው በር ገብቶ፣ በደብዳቤው ላይ አስፈረማቸው።

«እማማ፣ ጥብቅ ነው። ከእንግዲህ በመስኮት መውጣት አይቻልም።»

«ምን እናደርጋለን ልጄ፣ ካዘዛችሁ» አሉና እናትየው የልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ።

በዚያ ዓመት የቢሮው ሪፖርት፣ ስኬቶች በሚለው ምዕራፍ ሥር፣ ፕሮጀክቱ ለአንዲት ታታሪ ሴት በር እንደከፈተላት ተጽፎ ይገኛል።