የመንደራችን ሚዛን፣ ክብርት ሉኢሳ

ኦገስት 9፣ ማክሰኞ። አክስቴ ሉኢሳ ለወንድሜ ለፌሌቲ የምትሠራለት የወገብ ሰሌን ሦስት ጣት ሲቀረው ሞተች። ለቤተ ክርስቲያን የሚታጠቀው አሮጌው ሰሌን ወገቡን አልዞር ብሎት ነበር።

ሰውን በዓይኗ የምትመዝን ሴት የሌለችበት መንደር ቶንጋ ውስጥ የለም። የእኛዋ ክብርት ሉኢሳ ነበረች። ሰላምታ የሚባል ነገር አታውቅም። ቀጭን ስታይ፣ “አንቺ! የሚመግብሽ ዘመድ የለሽም?” ወፍራም ስታይ፣ “ጎሽ! ጉንጭ አወጣህ!” አዲሱ ቄስ ስብከቱን ሳይጨርስ፣ “ቃሉስ ደህና ነው፤ ሰውየው ግን አልበላም” ብላ፣ ምእመኑ በሙሉ ጎደሬ ተሸክሞ ቄሱ ቤት ከተተ።

ፌሌቲ የሌለ ድምፅ ይሰማው ጀመር። መድኃኒት ታዘዘለት፤ ድምፁ ሲሄድ ሆድ መጣ። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ “የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ምግብ ቀንስ” አለችው። አክስቴ ግን አገላብጣ አየችውና፣ “የኔ ጌታ፣ ድነሃል! የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?” አለች።

በእኛ ዘንድ የአባት እህት ከአባትም በላይ ናት። አባቴ ወለሉን አየ፤ ፌሌቲ መድኃኒቱን ተወ። ከሳ። መድኃኒቱን መተዉን ያላወቀችው ነርስ “ጎበዝ!” አለችው። በሳምንቱ ድምፆቹ ተመለሱ።

አክስቴ የአሳማ ጥብስ ይዛ መጣች።

“ብላ እንጂ፣ ልጄ።”

“ተመርዟል። የመረዝሽው አንቺ ነሽ።”

ክብርት ሉኢሳ ጥብሱን ከፊቱ አነሳች። ከዚያ ነርሷን አስጠራች።

“ያንን የሚያወፍረውን መድኃኒት ስጪው።”

“እማማ፣ የሚሰጠው እኮ ለማወፈር አይደለም።”

“ለምን እንደሆነ ጠየቅኩሽ? ስጪው!”

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ፊቱ ትቀመጣለች። “ክፈት። ምላስህን አንሳ።”

“አክስቴ፣ ሆዴ እኮ ጫማዬን ጋረደብኝ።”

“ጫማህን እኔ አይልሃለሁ። ዋጥ!”

ስቆ ይውጣል። ነርሷ ስትመክረው አንገቱን የሚደፋው ልጅ፣ በአክስቴ አፍ ሲወደስ ደረቱን ነፍቶ ይወጣ ነበር። መድኃኒቱን ያስጣለችውም እሷ፣ ያስዋጠችውም እሷ። በየትኛው ልቆጣት፣ በየትኛው ላልቅስላት፣ እስካሁን ግራ ገብቶኛል። ከሁሉ የናፈቀኝ ግን “አንተ! ዛሬም አልበላህም?” የሚለው ዘለፋዋ ነው።

በሞተችበት ዋዜማ፣ ሰኞ ዕለት፣ ከአክስቴ ጋር በአውቶቡስ ከተማ ሄድን። የፌሌቲን መድኃኒት ተቀበለች፤ መድኃኒት ሰጪዋን፣ “ከስተሻል፣ ልጄ” አለቻት። ቤት ስንደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ ፌሌቲን ጠርታ መድኃኒቱን በእጁ ሰጠችው።