በሙሉ ድምፅ ጤነኛ የሆነው ገብስ

ዝናቡ በጊዜው ጣለ። ውርጭ አልመታም፤ አንበጣም አልመጣም። ገብሱ እሸት ሊሆን ሲል ግን ዛላው ጥቁር ዱቄት ሆነ። አረማሞ ይሉታል። ወሎ ያለችው የሐቢባ እናት ለዘር የሚሆን ፍሬ እንኳ አልተረፋትም።

ሳውዲ፣ ደማም ከተማ አል ባዲያ ሰፈር የሚሰበሰበው የአገር ልጆች ማኅበራችን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሰምቶ ዝም አይልም። ሊቀመንበራችን ጋሽ መሐመድሰዒድ የበግና የግመል መኖ ገብስ ከወደቡ በሎሪ ሲያመላልሱ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ስለ ገብስ ከእርሳቸው ወዲያ የሚጠየቅ የለም።

ሐቢባ እዚሁ ራካ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ዓርብ ከማዳሟ ሁለት ሰዓት ለምና መጣች።

«ጋሼ፣ የዛሬ ስምንት ዓመት አገር ቤት ያሉት ወንድምዎ ከእናቴ የተበደሩት አንድ ኩንታል ዘር ይመለስልን። የምንዘራው የለንም።»

«ዕዳ አማና ነው! ዘንድሮ ካመረተው ይሰፈርላችኋል፣ ኢንሻአላህ።»

«የእርሳቸውም ማሳ ጠቁሮ ነበር እኮ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ በሽታው ዘሩ ውስጥ ተደብቆ ይከርማል፤ ከታመመ ማሳ የመጣ ዘር አትዝሩ ብሎናል።»

ሊቀመንበሩ ወንድማቸው የላከውን የገብሱን ፎቶ በስልካቸው አጉልተው አዩ። ለኮሚቴውም አዞሩት።

«ንጹሕ ነው። ማፊ ሙሽኪላ፤ ምንም ችግር የለበትም።»

«ውስጡ ነው ጋሼ።»

«ለመሆኑ ባለሙያው ስንት መርከብ አራግፏል?»

ኮሚቴው ሳቀ። ጸሐፊያችን ኸጣብ መዘገበ፦ «ማኅበሩ ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ የገብሱን ጤነኛነት በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።» እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ምሳ ደርሶ ነበር።

ሐቢባ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

«እንዲህ ጤነኛ ከሆነማ ለወንድምዎ ይሁን። ለእኛ በሽታው ሳይገባ የታጨደው፣ ጎተራቸው ሥር የቀረው የካቻምናው ይበቃናል።»

«አሮጌውን?»

«አሮጌውን።»

ትሕትናዋ በጭብጨባ ተመሰገነ። በዚያው ሳምንት የካቻምናው ገብስ ለእናቷ ተሰፈረ።

በቀጣዩ መኸር የእናቷ ማሳ ደርሶ ዳር እስከ ዳር ነጣ። በማኅበራችን ውሳኔ ጤነኛ የሆነው የወንድምየው ገብስ ከሰል መሰለ። ውሳኔው እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ወንድምየው ባዶ ጆንያ ይዞ የሐቢባ እናት ደጅ ቆመ፤ የሚዘራው አጥቶ።

«የስምንት ዓመቱን ከፍለኸኛል፤ አምንሃለሁ» ብላ አንድ ኩንታል ሰፈረችለት። «ጤነኛ መሆኑን ግን ከመዝራትህ በፊት ደማም ደውለህ አስወስን።»