እምቢ ያለች የጄት ሞተር

ሞተር የሚለማመጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓባይ ማዶ በሚባለው ሰፈራችን ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ ደምሰው እንዲያ ናቸው። ጡረታ የወጡ መካኒክ ሲሆኑ፣ በሠሯት ትንሽ፣ ከርቀት በመቆጣጠሪያ የምትበር አውሮፕላን ላይ ጣሳ የሚያህል የጄት ሞተር ገጥመዋል። እሑድ እሑድ ጣና ዳር ወስደው ሊያስነሧት ይሞክራሉ። እሷ ግን ትጨስና ትጠፋለች።

«ተይ እንጂ የኔ ልጅ፣ ሰው እያየን ነው» ይሏታል።

«እኔን እንዲህ ለምነውኝ አያውቁም» አሉኝ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ።

ባለፈው እሑድ የላምባው ቱቦ ውስጥ የአየር አረፋ አገኙ። እሱን አስወጥተው ቢሞክሩ ሞተሯ ፉጨት አሰምታ ተነሣች! እትዬ አስካለ እልል አሉ። ጋሽ ደምሰው ግን ወዲያው አጠፏት።

«ምነው፣ ሳትበር?» አልሁ።

«በአንድ ጊዜ አይታመንም። ደግማ ትነሣ እንደሆነ ልይ።»

ደግማ ተነሣች። ደግመው አጠፏት። እንዲህ ሲሉ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች።

«አሁንማ ታመነች፤ ይልቀቋት እንጂ» አሉ እትዬ አስካለ።

ጋሽ ደምሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሐይቁ ውስጥ ብትወድቅብኝስ?» አሉ።

«ብትወድቅ ታንኳ ይዘን አብረን እንፈልጋታለን።»

ያን ጊዜ ለቀቋት። አውሮፕላኗ ከውኃው በላይ እያፏጨች ስትዞር፣ እሳቸው ፈዘው ባለቤታቸውን ያያሉ። መቆጣጠሪያው እጃቸው ላይ እንዳለ ያስታወስኋቸው እኔ ነኝ።