ክቡር መርማሪው እና ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና

በየሰፈሩ መኪና የሌለው አንድ መኪና አዋቂ አለ። እሱን ሳያማክር ያገለገለ መኪና የገዛ ጎረቤት የለም፤ አማክሮ የገዛም የለም። ይህ ሰው በዕድሜው መሪ ጨብጦ አያውቅም። ግን የቆመ መኪና ከሩቅ አይቶ፣ «የግራ የኋላ ጎማው ከፍቶታል» ይላል። እናንተም ሳትወዱ ዞር ብላችሁ ጎማውን ታያላችሁ። እውነትም የከፋው ይመስላል።

የእኛ ሕንፃ አዋቂ ክቡር መርማሪ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ሙያው ግን የራሳቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሱቅ ሚዛን ሲመረምሩ ኖረዋል። ሥጋ ቤት ገብተው የሚዛን ድንጋያቸውን ከቦርሳ ሲያወጡ ባለቤቱን ላብ ያጠምቀው ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ትክክል ነው ብለው ያመኑት ዕቃ የለም። የግድግዳ ሰዓት ያያሉ፣ የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ሁለቱንም በጥርጣሬ ይተዋሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኔ በር ፊት ለፊት ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «አንቺ ልጅ» ይሉኛል። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።

ነገሩን የጀመረው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። እሜቴ የምትባል ውሻ አለችኝ። ስሟን ያወጣላት አረማመዷ ነው፤ ዓለምን በሙሉ ያከራየች ባለርስት ትመስላለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ዳሌዋ ደከመ። ሐኪሙ አገላብጦ አያትና፣ «ረጅም የእግር መንገድ ከእንግዲህ ይቅርባት። ሜዳና ወንዝ ማየት ግን አይቅርባት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ይዘሻት ውጪ» አለኝ።

«በዝግ መኪና ታስመልሳለች» አልኩት።

«እንግዲያው ጣሪያ የሌለው ፈልጊላታ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሊሸኘኝ በሩ ድረስ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዘንድሮን በጋ ተጠቀሙበት» አለኝ። እሱም ያን ጊዜ አልሳቀም።

እናም ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ያገለገለች፣ አቅሜ የሚችላት መኪና ፍለጋ ወጣሁ። ክቡር መርማሪን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በሬን ስከፍት ኮታቸውን ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው የአትክልት ውሃ ማጠጫ፣ በሌላው ያረጀ ጋዜጣ ይዘው ቆመዋል። በብብታቸው ከሚዛን ዘመን የተረፈች ጥቁር ደብተር አለች።

«ብቻሽን ብትሄጂ» አሉኝ፣ «ቀለም ቀብተው ቆርቆሮ ይሸጡልሻል።»

የክቡርነታቸው ምርመራ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በጣታቸው አንጓ የመኪናውን ገላ እያንኳኩ ይዞራሉ፤ ድምፁ ከደነዘዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ቀጥሎ ጣሪያው ተዘግቶ እሳቸው ጋዜጣውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከላይ በማጠጫው ውሃ አፈስባቸዋለሁ። ሻጩ እጁን አጣምሮ ያየናል። ጋዜጣው ከረጠበ መኪናው ወደቀ። ካልረጠበ ደግሞ፣ «ይሄ ያለ ምክንያት አልደረቀም» ይሉና በደብተራቸው ይጽፋሉ። በመጨረሻ ኋላ ወንበር ካለ እዚያ ይገባሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። ስጠይቃቸው፣ «ስፕሪንጉን እያዳመጥኩ ነው፤ አትረብሺኝ» ይላሉ።

እሜቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ፊት ወንበር ላይ ናት። እሜቴ ከፊት ወንበር ሌላ አታውቅም። ከኋላ ካስቀመጧት ጣሪያ ቢኖርም ባይኖርም ሆዷ ይገለበጣል።

የመጀመሪያዋ መኪና ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ዓይን የምትገባ ነበረች። ልቤ ወዲያው ሄደ። ክቡር መርማሪ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ለጥፈው ቆዩና፣ «ሞተሩ ያንኳኳል» አሉ።

«እኔ አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«አንቺ እንዳትሰሚ እኮ ነው ቀስ ብሎ የሚያንኳኳው።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ያየናት ጥቁር ነበረች፤ የሷም ሞተር ያንኳኳል። በዚያው ቀን አንድ አረንጓዴም አየን፤ ማርሹ ይነክሳል ተባለ። በሦስተኛው የአንዲት ሙዚቃ አስተማሪ ሰማያዊ መኪና አየን። በሯ ሲከፈት ይዘፍናል፣ የጣሪያዋ ሞተር ደግሞ ሞቷል፤ በእጅ ለማጠፍ ግራና ቀኝ የሚቆም ሁለት ሰው ይፈልጋል። ወደቀች። በአራተኛው አንድ ደላላ፣ «ይቺን እኮ አንዲት ሐኪም ናት ስትነዳት የኖረችው። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት!» ብሎ ማለ። ክቡር መርማሪ ጎንበስ ብለው የፍሬኑን መርገጫ አዩ። ላስቲኩ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። «ሐኪሟ የምትሠራው ሌላ አገር ነው እንዴ?» አሉት። ወደቀች።

ሰውየው ባዶ ናቸው እንዳልል አምስተኛው ቅዳሜ አለ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሽታዋ ሳይቀር የአዲስ የሆነ መኪና ነበረች። እሳቸው ምንጣፏን ገልጠው የወንበሩን ብሎን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና የደረቀ ጭቃ አሳዩኝ።

«ይቺ መኪና ዋኝታለች» አሉ።

«ትንሽ ውሃ ብቻ ነው የገባባት» አለ ሻጩ።

«እስከ የት?»

ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እስከ… መሪው።»

ስለዚህ አመንኳቸው፤ ሳምንትም ሳምንትን እየተካ ሄደ። እህቴ ደውላ፣ «መኪና ነው ወይስ ባል የምትመርጡት?» አለችኝ። ሳቅኩላት፣ ግን ስልኩን ስዘጋ ሳቁ አብሮኝ አልቆየም። በአሥረኛው ቅዳሜ ጠዋት እሜቴ የቤታችንን መግቢያ ሦስት ደረጃ መውረድ አቅቷት ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ተሸክሜ አወረድኳት። ከበጋው የቀረን አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው።

የዚያን ዕለቷ መኪና ባለ ሁለት ወንበር፣ ብርማ፣ እንከን የማይወጣላት ነበረች። ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ወጣ። ገላዋ ሲያንኳኩት እንደ ደወል ነው። ክቡር መርማሪ ጋዜጣውን መሬት ላይ አንጥፈው ከሥሯ ገቡ፤ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። ደብተራቸው ኮፈኑ ላይ ቀርታለች። የሰው ደብተር መግለጥ ልማዴ አይደለም። ስንት መኪና እንደጣልን ልቁጠር ብዬ ነበር።

በዚያ ለሠላሳ ዓመት ሚዛን ሲፈርድ በኖረ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል። «ቀዩ። ኋላ ወንበር የለውም። ሞተሩ ያንኳኳል ይባል።» «ጥቁሩ። ኋላ ወንበር የለውም። ሞተሩ ያንኳኳል ይባል።» «አረንጓዴው። ኋላ ወንበር አለው፣ ጉልበቴ አይገባም። ማርሹ ይነክሳል ይባል።» ስፕሪንግ ሲያዳምጡ ሳይሆን ለራሳቸው ቦታ ሲለኩ ኖሯል ለካ! ገጹን ገለጥኩ። «ሰማያዊው። ጉልበቴ ገባ፣ ሁለት ጣትም ተረፈ። የጣሪያው ሞተር ግን ሞቷል፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አይሆናትም።» እዚህኛው ላይ «ይባል» የለም።

ተናደድኩ። ከእሜቴ በጋ አሥር ቅዳሜ ተበልቷል። ብርማዋን እዚያው ልግዛት፣ እሳቸው ከሥሯ ሲወጡ ቁልፉ እጄ ላይ ይጠብቃቸው ብዬ ወደ ሻጩ ዞርኩ። ግን ያቺ የሰማያዊዋ ገጽ አልለቀቀችኝም። ክቡር መርማሪ ጥሩውን መኪና በሐሰት ጥለዋል። መጥፎውን መኪና ግን፣ ጉልበታቸው የገባበትን ብቸኛ መኪና፣ በሐሰት ሊያሳልፉልኝ አልቻሉም። እንዲህ ያለ አጭበርባሪ ገጥሞኝ አያውቅም። አንጀቴን በሉት።

ደብተሯን ወደ ቦታዋ መለስኩ። እሳቸውም ወጡ፣ አቧራቸውን አራገፉ።

«ሞተሩ ያንኳኳል» አሉ።

«ጌታዬ» አለ ሻጩ፣ «ሞተሩ እኮ አልተነሳም!»

«ሲነሳ ነዋ።»

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «የሙዚቃ አስተማሪዋ ሰማያዊ መኪና ጉድለቷ ምን ነበር?»

«ጣሪያዋ ነዋ። ሁለት ሰው ይፈልጋል አላልኩሽም? አንቺ አንድ ነሽ።»

«እሱን ነው የማስበው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሪያ የሚያጥፍልኝ ሌላ ሰው ከየት አገኛለሁ?»

ክቡር መርማሪ የብርማዋን የግራ ጎማ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ኮታቸውን ቆለፉ፣ መልሰው ፈቱት።

«ቅዳሜ ከሆነ» አሉ፣ «እኔም ሥራ የለኝም።»

ሰማያዊዋን ገዛሁ። በሯ ዛሬም ይዘፍናል። በመጀመሪያው ቅዳሜ እሳቸው በግራ፣ እኔ በቀኝ ሆነን ጣሪያዋን አጠፍን፤ እሜቴን ለሁለት አንስተን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናት። እሳቸው ከነማጠጫቸው ከኋላ ገቡ። ማጠጫው ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩም። ወንዙ ዳር ስንደርስ ገባኝ፤ ለእሜቴ ውሃ የሚቀዱበት ነበር።

ከተማውን ለቀን ሜዳው ሲከፈት እሜቴ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቀናች፣ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተኙ። በመስተዋቱ ሳይ የክቡር መርማሪ ቀጭን ፀጉርም እንደዚያው ተኝቷል። ዝናቡ እስኪገባ አራት ቅዳሜ ነበረን፤ አንዱም እንዲያመልጠን አልፈለግኩም። ከሁለቱም ጋር ነው የምለው።

ዳገቱን ስንጀምር ከኋላ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ሞተሩ ያንኳኳል።»

«ይባል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

 የዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ እጃቸው በወንበሮቹ መካከል ቀስ ብሎ ገባና የእሜቴን ጆሮ ማሸት ጀመረ። ሞተሩ እውነትም ያንኳኳ ነበር።