አላረጅም ያለው ቅቤ

ማርጀት ማን ይወዳል? እናንተን አላውቅም፤ እኔ ግን በልጅነቴ ከማንኛውም ሹመት ይልቅ የምመኘው እርጅናን ነበር። ባደግሁበት በመርሐቤቴ ሽማግሌ ማለት ድግስ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ የሚልለት፣ ጠላው ቀድሞ የሚቀዳለት፣ ቢሳሳት እንኳ «ዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሰው ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ከተማ ብቅ ስል የማየው የቅባት ብልቃጥ፣ የሻይ ፓኬት፣ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር «እርጅናን ይከላከላል» ይላል። ሰው ረጅም ዕድሜ ይስጥህ ሲሉት አሜን ይላል፤ ዕድሜው ፊቱ ላይ ሲመጣበት ግን ማን ጠራህ ይለዋል።

ይህን የምለው ፈላስፋ ሆኜ አይደለም። በመንዝ ከተማ በመሐል ሜዳ ስንት ዓመት ጠመኔ ስፈጭ የኖርሁ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን እንዲህ እላቸዋለሁ፤ ብረት ሲዝግ፣ ቅቤ ሲሸት፣ የሰው ፊት ሲጨማደድ፣ ከተጠርጣሪዎቹ መካከል የማይጠፋው ኦክስጅን ነው። ያለ እሱ ጥቂት ደቂቃ እንኳ አንቆይም፤ ከእሱ ጋር ስንኖር ደግሞ ቀስ እያለ ይበላናል። ቤቱ ዘመድ አስቀምጦ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ትምህርት ቶሎ ይረዳዋል።

ፀረ ኦክሲዳንት የሚባለው ነገር ደግሞ ገላጋይ ነው። የገበያ ጠብ አይታችሁ ታውቁ የለ? አንዱ ሌላውን ይመታል፤ የተመታው በንዴት አጠገቡ የቆመውን ይመታል፤ እሱ ደግሞ ሌላውን፤ ጠቡ የማን እንደነበረ ሳይታወቅ ገበያው ይፈርሳል። ቅቤ ሲበላሽ ውስጡ ያለው ስብ የሚሆነው እንዲሁ ነው፤ አንዱ የተነካ ሌላውን እየነካ ይዛመታል። ገላጋዩ መሐል ይገባና ዱላውን በራሱ ትከሻ ይቀበላል፤ ተቀብሎም ለሌላ አያሳልፍም። ከእነዚህ ገላጋዮች አንዱ ታይሞል ይባላል፤ መኖሪያውም በእኛው ጦስኝ ውስጥ ነው። የመንዝን ብርድ ችሎ መሬት ለመሬት እየዳኸ የሚበቅለው፣ ሻይ ላይ ጣል የምናደርገው፣ ለሳል የምናፈላው፣ በጉም ላሟም የሚግጡት ያው ጦስኝ። ታይሞል ጀርም ይገድላል፤ ስብ እንዳይበላሽ ይጠብቃል፤ ሲበዛ ግን ምላስ ያቃጥላል። ገላጋይም ሲበዛ ያቃጥላል።

ሰሎሞን ወደኛ የመጣው መንግሥት ሁሉን ነገር በስልጠና በሚጀምርበት፣ ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ ቃል ከቢሮ ወጥቶ ጠላ ቤት በገባበት ዘመን ነው። ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት የሚሠራ፣ ቀጠን ያለ፣ ትሑት፣ ስለ ታይሞል ሲያወራ ስለ እጮኛው የሚያወራ የሚመስል ልጅ ነበር። ማረፊያው እኔ ቤት ሆነ። የጦስኙን ዘይት የሚያወጣው ልክ እንደ አረቄ በእንፋሎት ነበርና፣ በመጀመሪያው ሳምንት የቀበሌው ዘበኛ ሽታውን ተከትሎ ሦስቴ መጣ፤ ሦስቴም አዝኖ ተመለሰ። ዘይቱ ቅቤን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ሰሎሞን በላቦራቶሪ አይቷል። የቀረው እውነተኛ ቅቤ በእውነተኛ ጎጆ አስቀምጦ በባለሙያ ምላስ ማስፈተሽ ነበር። ዕቅዱ ግልጽ ነው። የሠፈሩ ባልቴቶች በየሳምንቱ ዘይት የገባበትንና ያልገባበትን ቅቤ እየቀመሱ ይፈርዳሉ። አንዲት ነገር ብቻ አልታየችውም፤ ዕቅዱ የሚጀምረው በሁዳዴ መግቢያ፣ የሚያልቀው በፋሲካ ነው።

በሁዳዴ፣ መንዝ ውስጥ፣ ቅቤ የሚቀምስ ምላስ ፈልጉ እስቲ።

«ዕቅዱን ስታወጣ ጾም መሆኑን አላየህም?» አልሁት።

«በጀቱ ሰኔ ላይ ይዘጋል» አለኝ። በዚያ ዘመን ይህ መልስ ለሁሉም ጥያቄ ይበቃ ነበር። «ራሴ ልቀምስ ብዬም አስቤ ነበር፤ ግን እኔም ጾመኛ ነኝ።»

ምላስ ካልሆነ አፍንጫ ይሁን ተባለ። ማሽተትስ ጾም አይሽርም ወይ? ጥያቄው የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ኃይለ ማርያም ዘንድ ቀረበ። አባ ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩና ፈረዱ። «አፍንጫ አይጾምም። ቢጾምማ በጎረቤት ደጅ ማለፍም ባልተፈቀደ ነበር። ነገር ግን አሽትቶ አፉ ምራቅ የሞላ ሰው፣ ልቡ በልቷልና ይስገድ።» እናም በየዓርቡ ባልቴቶቹ እኔ ቤት ተሰብስበው ሁለቱን ቅቤዎች ያሸታሉ፤ ሰሎሞንም «ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም?» ብሎ ይጠይቃል። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ዘይት ስለገባበት ቅቤ «አልተለወጠም» እያሉ ቁጭ ይላሉ፤ ስለ ተራው «ተለውጧል» ይሉና ተነሥተው ይሰግዳሉ። ሰሎሞን መልሱን እንጂ ስግደቱን ልብ አላለውም።

ቅቤው የእትዬ ሸዋዬ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ላም ያሏቸው፣ ጥሩወርቅ የምትባል ልጃቸውን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ጊሼ ራቤል ለሚኖር ቤተሰብ ሊድሩ ቀን የቆረጡ ሴት ናቸው። ከገና ጀምሮ ቅቤ ሲያጠራቅሙ ነው የከረሙት። ግን ስጋት ነበረባቸው። ታላቋን ልጃቸውን የዳሩ ጊዜ የተጠራቀመው ቅቤ ሸቶ፣ አማቾቹ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ከማዕድ ተነሥተዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ቤተሰብ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ልጅቱ እንኳ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ብቻዋን ናት፤ ባሏ አይከተላትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ እትዬ ሸዋዬ ቅቤ ባዩ ቁጥር ልባቸው ይፈራ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ መድኃኒትህ ቅቤዬን እስከ ሠርጉ ያደርስልኛል?» ብለው ጠየቁት።

«ያደርሳል፣ እትዬ።»

ስምምነቱ ግማሹ ላይ ዘይት ሊጨመር፣ ግማሹ እንዳለ ሊቀመጥ ነበር። ጾሙ ሲጋመስ ግን ተራው ቅቤ መለወጡን ከባልቴቶቹ አፍ የሰሙት እትዬ ሸዋዬ የሰሎሞንን ጠርሙስ አንሥተው፣ እሱ ሲያደርግ እንዳዩት በመጠኑ እያንጠባጠቡ፣ በቀዝቃዛ ጓዳቸው ገና ያልተለወጠውን የቀረውን ሁሉ ለወሱት። ሰሎሞን ሲደርስ ነገሩ አልቋል።

«እትዬ! ማነጻጸሪያዬ እኮ ነበር!»

«እኔ የምድረው ልጄን ነው፣ ማነጻጸሪያ አልድርም» አሉት።

ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ደግነቱ ዘይት ያልነካው አንድ ትንሽ ማሰሮ ቅቤ እኔ ቤት ቀርቶ ነበር። እሱን እንደ ታቦት ተሸክሞ ከጓዳ ጓዳ ሲያዘዋውር ከረመ።

ፋሲካ ደረሰ። ቅዳሴ ወጥተን፣ ከሁለቱም ቅቤ እየተነጠረ ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ ተሠራና ባልቴቶቹና አባ ኃይለ ማርያም እትዬ ሸዋዬ ቤት ተቀመጡ። መጀመሪያ የጦስኙ ቀረበ። ቀመሱ። «ለጋ ነው» አሉ። «ዛሬ የተናጠ ነው የሚመስል።» የሰሎሞንን ፊት ብታዩት የተነሣው እሱ ራሱ ይመስላችሁ ነበር። ቀጥሎ ተራው ቀረበ።  እጅ ተመለሰ፣ ደግሞ ተመለሰ፤ ድስቱ ታየ፤ አባም ጣታቸውን ላሱ።

«እንግዲህ ወጥ ማለት ይሄ ነው» አሉ አንዷ።

«ያኛውስ?» አለ ሰሎሞን፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ያኛው ምን አለበት፣ ለፀጉር ጥሩ ነው።» ከሁሉም ያረጁት ባልቴት ደግሞ ፍርዱን ደመደሙት። «እኛ ይህን ሁሉ ጊዜ ስንጾም፣ ያ ቅቤ አብሮን አልጾመም።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቅቤም እንደ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ለጋ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይበስላል፣ ከዚያ ወዲያ ጃጅቶ ይሸታል። የመንዝ ምላስ የሚፈልገው መሐለኛውን ነው። ታይሞል ግን መብሰልንና መጃጀትን አይለይም፤ ለእሱ ሁለቱም ያው ጠብ ናቸው። ገላግል ተብሎ የተላከው ጠቡን ብቻ ሳይሆን ጨዋታውንም አስቁሞት ቁጭ አለ።

የእትዬ ሸዋዬን ድንጋጤ መናገር አያስፈልግም። ሠርጉ ደርሷል። ቅቤው ሁሉ ሕፃን ነው። ከጎረቤት እንዳይለምኑ ፋሲካ የሁሉንም ቤት ቅል አራግፎታል። ወጣቸው ድሮ በመሽተቱ ተነወረ፤ ዘንድሮ ደግሞ ወዝ የለውም ሊባል ነው፤ ጥሩወርቅም እንደ እኅቷ ወደ እናቷ ቤት ብቻዋን የምትመጣ ልትሆን ነው። ሰሎሞንን ጠሩትና በዕድሜዬ ሰምቼ የማላውቀውን ልመና ለመኑት።

«ልጄ፣ አስረጅልኝ።»

እሺ አለ። ምን ይበል? ቅቤን ምን እንደሚያስረጀው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለብርሃን አወጣው፣ ክዳኑን ከፈተው፣ አየር እንዲገባው አማሰለው፣ ምድጃ ዳር አስጠጋው። በየማለዳው ያሸተዋል፤ በየማለዳው ያው ለጋ ነው። እንደዚያ ሳምንት ትክክል ሆኖ አያውቅም፤ እንደዚያ ሳምንትም ከፍቶት አያውቅም። የሙያውን ድል ለማሸነፍ ቀን ከቀን የሚታገል ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አዘንሁለት። ሳቄም መጣ።

የሠርጉ ቀን አማቾቹ ከራቤል መጡ። መሪያቸው የሙሽራው አያት ግራዝማች ዘለቀ ናቸው፤ እሳቸው ቀምሰው ሳይፈርዱ ማንም እጁን ወደ ማዕዱ የማይሰድ ሽማግሌ። ወጡ ቀረበ። እትዬ ሸዋዬ የጓዳውን በር ተደግፈው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አልለየሁም። ሙሽራዪቱ ዓይነ ርግቡን እንደለበሰች ወደ አያትየው እጅ ታያለች። ግራዝማች ጎረሱ። አላመጡ። እንደገና ጎረሱና እጃቸውን አቆሙ።

«ይህ ቅቤ መቼ ነው የተናጠ?» አሉ።

ወጡን አሸተቱት።

«እኮ መቼ? በልጉ ቀርቶ በእኛ አገር ላሙ ሁሉ ነጥፏል። በዚህ ወር ሀብታም ነኝ ያለው ሁሉ የሚያበላን ከጾም የተረፈውን በሳል ቅቤ ነው። እዚህ ግን ለጋ! ያውም ጦስኝ የጋጠ ላም ቅቤ! ለዚህ ሁሉ ሕዝብ!» ወደ ጓዳው ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እመት ሸዋዬ፣ ስንት ላም ያልባሉ?»

 የእትዬ ሸዋዬ ሁለት ላሞች ነጥፈው ጓሮ ታስረዋል። አባ ኃይለ ማርያም፣ የነፍስ አባታቸው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መዋሸት አይቻልም፤ እውነቱን መናገር ደግሞ ቤት ማፍረስ ነው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፉና ሁለት እርምጃ ወደፊት መጡ።

«የእግዜርን ሀብት ሰው ይቆጥረዋል እንዴ፣ ግራዝማች?»

የከብቱን ቁጥር በአደባባይ የሚናገር መንዜ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ፣ ግብርም አለ። ግራዝማች ያን ሁሉ ዕድሜ ኖረው እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጠየቃቸው አፈሩ። «እውነትዎን ነው፤ ምላሴ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉና ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው እጅ ነሡ። ከዚያ በኋላ የራቤል ሰው ሁሉ ወደ ማዕዱ ዘመተ። ጥሩወርቅ ከዓይነ ርግቧ ውስጥ ስትተነፍስ እኔ እስካለሁበት ተሰማ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ያስቸገረው አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነው። ሰሎሞን ፊቱ በርቷል። ያ ሁሉ ድካሙ፣ ያ ሁሉ ጦስኝ፣ ያ ሁሉ ዓርብ፣ በሰው ሁሉ ፊት እየተመሰገነ ነው፤ የተመሰገነው ግን በነጠፉ ላሞች ስም ነው። እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ነጠላውን ስቤ ላስቀምጠው ሞከርሁ፤ አልሆነም። ተነሣ።

«እንዲያውም ይሄ እኮ ታይ...»

እትዬ ሸዋዬ እንዴት እንደደረሱ አላየሁም። የጡጫ ያህል ጉርሻ አፉ ውስጥ ነው። ሊውጥ ሲል ሁለተኛው ተከተለው፤ «አንድ ያጣላል!» አሉት እየሳቁ፣ ዓይናቸው ግን አይስቅም። ሰሎሞን ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ያላምጣል። ግራዝማች ዘለቀ በዱላቸው ተደግፈው ለምርቃት ቆሙ፤ ቤቱም አብሮ ቆመ።

«ላሞችዎን ዓይን አይያቸው! ይርቡ፣ ይባዙ! ወተታቸው አይንጠፍ!»

አሜን አለ ሕዝቡ። አባ ኃይለ ማርያም ትንሽ ዘግየት ብለው አሜን አሉ። ሰሎሞንም፣ አፉ እንደሞላ፣ አሜን አለ።